የካዛንቺሱን ግሮሰሪ ጋሼን የምታስታውሱ እዚህ ጻፉ

የመናኸሪያ ልጅ (ሰኞ፣ ማታ 2፡40)

ጋሼ አርፈዋል። ባለፈው ሐሙስ ነው ያረፉት፤ ቅዳሜ ኡራኤል ቀበርናቸው።

ከቀብሩ ስመለስ አንድ ነገር እያንገበገበኝ ስለመጣሁ ነው የምጽፈው። ቆጥሬያለሁ፣ ቤተሰቡን ጨምሮ 40 ሰው አንሞላም ነበር። እኚያ ሰው ካዛንቺስ ሳለን ቢሞቱ ኖሮ መንገዱ በሰው ይዘጋ ነበር። የቀረው ሰው ጨክኖ አይደለም፣ አልሰማም። በ2017 ሰፈሩ ሲነሳ እድራችንም አብሮ ተበተነ። ግማሹ ገላን ጉራ ነው፣ ሌላው ለሚ ኩራ፣ ሌላው ዘመድ ጋ ተጠግቶ ይኖራል። ጥሩምባ ቢነፋስ ማን ጆሮ ይደርሳል? ስለዚህ እዚህ ልንፋው ብዬ ነው።

ለማያውቋቸው ልንገራችሁ። ከመናኸሪያው ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ከድሮዎቹ የጣሊያን ቤቶች በአንዱ የነበረችው ግሮሰሪ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ወይን፣ ቢራ፣ ኡዞ፣ ጂን፣ አቅም ላለው ደግሞ ውስኪ ይሸጣል። ብዙ ሰው ባለቤቱ እሳቸው ይመስሉት ነበር። ባለቤትየዋ ውጭ አገር ነው የሚኖሩት፣ ጋሼ በደመወዝ ነው የሠሩት። ከ30 ዓመት በላይ ግን ያንን የብረት በር ጠዋት የከፈተውም ማታ የዘጋውም የእሳቸው እጅ ነው።

ጠርሙስ ሲሸጡ ማየት እወድ ነበር። ከመደርደሪያው ያወርዱና አንገቱን በነጭ ጨርቅ ይጠርጋሉ። የላላ እንደሆነ ብለው ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዙሪያውን ይዳስሱታል። ከዚያ ገልብጠው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሱታል። ዝቃጭ ካዩበት ወደ ጎን ይቀመጣል፣ ለማንም አይሸጥም። ካማራቸው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ይጠቀልሉና አንገቱ ላይ ያለውን ወረቀት ሁለቴ ይጠመዝዙታል። ያ ጥምዝ ቤት እስክትደርስ አይፈታም።

የሠርግ ሒሳባቸውንም የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። «ስንት ሰው ጠራችሁ? ስንቱ ሽማግሌ ነው? ስንቱ የሙሽራው ጓደኛ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። አንድ ጠርሙስ ወይን አምስት ስድስት ብርጭቆ ይወጣዋል፣ አንድ ሳጥን ቢራ 24 ነው፤ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ደምረው ይሰጡሃል። ብዙ እንድትገዛ አይገፋፉህም። ሳይከፈት የተረፈውንም ሰኞ ጠዋት ይቀበሉሃል።

እኔ እኅቴን ስንድር፣ ጥር 2016፣ 385 ብር ደብተራቸው ላይ ቀርቶብኛል። ነገ ዛሬ ስል ሰፈሩ ፈረሰ። ደብተሩ የት እንዳለ የምታውቁ አላችሁ? መክፈል እፈልጋለሁ። የኔ ቢጤ ሌላም ሰው ይኖራል።

የአቧሬዋ (ሰኞ፣ ማታ 2፡58)

ወይኔ ጋሼ! አሁን ገና መስማቴ ነው። ነፍሳቸውን ይማር። ለእናቴ ነገርኳት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቁጭ ብላለች።

ባለ ታክሲው (ሰኞ፣ ማታ 3፡20)

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑር።

እኔ የማልረሳው ጆንያውን ነው። ባዶ የውስኪ ጠርሙስ፣ በተለይ ከነካርቶኑ ከሆነ፣ ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ለምን እንደሚፈለግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ተሞልቶ ተመልሶ ይመጣል። ቆራሌው በየሳምንቱ እየመጣ ይለምናቸው ነበር። «ጀሪካኑን ውሰድ፣ ቆርቆሮውን ውሰድ፣ ይኼን ግን አልሰጥህም» ይሉታል። ከዚያ ጓሮ ወስደው ጆንያ ውስጥ ይከቱና በመዶሻ ያደቁታል። አንድ ቀን የጆንያውን አፍ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ገንዘብ ነው» አልኳቸው። «የተበከለ መጠጥ በምላስ አይለይም ልጄ። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል። በኔ ጠርሙስ ሰው ታውሮ እኔ እንዴት እተኛለሁ?» አሉኝ።

ማታ ማታ ደግሞ የመኪናዬን ቁልፍ ይቀበሉኛል። ታክሲውን በራቸው ላይ አቁሜ ከገባሁ፣ ቁልፉ ባንኮኒው ላይ ሳይቀመጥ መለኪያ አይቀዳልኝም። ጠዋት 12 ሰዓት መጥቼ እወስዳለሁ። ሌላ ቤት ሄጄ መጠጣት እችል ነበር፣ ግን አልሄድኩም። ለምን እንዳልሄድኩ አሁን ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሰኞ፣ ማታ 4፡05)

ከሰፈር የወጣሁት በ2007 ነው፣ ዲቪ ደርሶኝ። አሁን ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ያገራችን ሰው መጠጥ መሸጫ ውስጥ እሠራለሁ። በቀን ስንት ጠርሙስ እንደማነሳ እኔ ነኝ የማውቀው፤ እያንዳንዷን ሳነሳ አንገቷን እጠርጋለሁ። አለቃዬ «ለምን ትደክማለህ? ንጹሕ ነው እኮ» ይለኛል።

ከመሄዴ ከአንድ ዓመት በፊት የዝዋዩ ካስትል ወይን ገበያ ላይ ወጣ፣ ሪፍት ቫሊና አካሺያ። እኛ ያደግነው በአዋሽ ወይን ነው። ፋብሪካው ከ1936 ጀምሮ ያለ ነው፣ ጉደርና አክሱሚት የማያውቅ ቤት የለም። ጋሼ አዲሱን ሲያስገቡ ለእያንዳንዱ ገዢ እንደ አስተማሪ ቆመው ያስረዱ ነበር። «ይሄ ቡሽ ነው። ጠርሙሱን አስተኛው። ከቆመ ቡሹ ይደርቃል፣ አየር ያስገባል፣ ወይኑ ይኮመጥጣል። ፍሪጅ አናት ላይ እንዳታስቀምጠው፣ ሙቀት አለው» ይላሉ። የቡሽ መክፈቻ የሌለው ሰው ብዙ ነበርና የራሳቸውን ያውሳሉ፤ በክር የታሰረ፣ እጀታው እንጨት የሆነ። አንድ ቅዳሜ ያ መክፈቻ በአራት ቤት ዞሮ ሲመለስ አይቻለሁ።

ለልጅ ግን በፍጹም አይሸጡም። አገሩ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ አይሸጥም ብሎ ያወጀው በ2011 ነው። እሳቸው አዋጁ ሳይወጣ ነው እንደዚያ የሠሩት። አባቴ እኔን ሁለት ቢራ ላከኝ፣ ስምንት ዓመቴ ቢሆን ነው። ባዶ እጄን መለሱኝና ማታ አባቴን ራሱን አስጠርተው «ልጅህ የዚህን በር መንገድ ካሁኑ አይልመድ» አሉት። አባቴ ተቆጥቶ ሁለት ሳምንት አኮረፋቸው። በሦስተኛው ሳምንት ራሱ ሄደ።

እውነት ይነገር (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30)

የሞተ ሰው አይወቀስም፣ ቤተሰባቸውን እግዚአብሔር ያጽናና። እኔም የዚያው ሰፈር ልጅ ነኝ። ግን አንድ ነገር ከልቤ ልናገር። በየመንደሩ ያሉ ግሮሰሪዎች ስንት ቤት አፍርሰዋል? ደመወዝ በወጣ ማግስት ስንት እናት ባዶ መሶብ ታቅፋ አድራለች? መጠጥ ሻጭን እንዲህ ስናወድስ የእነዚያን ቤቶች ልጆች ምን እንላቸዋለን? ክፋት አስቤ አይደለም።

ዝምተኛዋ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡10)

ከእነዚያ ልጆች አንዷ እኔ ነኝ። እዚህ መድረክ ላይ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

አባቴ ሾፌር ነበር። ኡዞ በመለኪያ ነበር የሚጠጣው። እኛ አምስት ነን፣ እናቴ እንጀራ እየጋገረች ትሸጥ ነበር። አንድ ጠዋት እናቴ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ግሮሰሪው በር ላይ ቆመች። ጋሼ ወጥተው አነጋገሯት። ምን እንዳለቻቸው አልነገረችኝም፣ ምን እንዳደረጉ ግን አውቃለሁ።

ከዚያ ወር ጀምሮ ደመወዝ በወጣበት ቀን ለአባቴ አይቀዱለትም ነበር፣ «መጀመሪያ ቤት ደርሰህ ና» ብለው። ደረስኩ ቢላቸው አያምኑትም። ምስክሯ እኔ ነበርኩ። እናቴ የቤቱንና የእህሉን ወጪ ቆጥራ ስትቀበል እኔን ትልከኛለች። ወደ ውስጥ አልገባም፣ ደጃፉ ላይ ቆሜ ራሴን እነቀንቃለሁ። ጋሼ ከባንኮኒው ማዶ ያዩኛል፣ እሳቸውም ይነቀንቃሉ። ያኔ ነው ጠርሙሱ የሚነሳው። የአባቴ ጀርባ ወደኔ ስለነበር ያየኝ አይመስለኝም።

አባቴ መጠጡን አልተወም። በመጨረሻም በጉበት ነው የሞተብን። ጋሼ ሙሉ በሙሉ ለምን አልከለከሉትም ብዬ የተናደድኩበት ጊዜ አለ፣ አልዋሽም። ከቀብሩ በኋላ ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው። «ብከለክለው ማዶ ይሄዳል፤ ማዶ አንቺን የሚያይ ሰው የለም» አሉኝ።

12ኛ ክፍል እስክጨርስ የቤት ኪራይ አንድ ወር አልተጓደለብንም።

እውነት ይነገር (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡25)

እኅቴ፣ ይቅር በይኝ። ይህን አላውቅም ነበር። አባትሽን ነፍስ ይማር። እኔ ያን የጻፍኩት የራሴ ወንድም ስላለ ነው።

ዝምተኛዋ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡31)

ገብቶኛል። ለወንድምህም እግዚአብሔር ይድረስለት።

የመስጊዱ ጎረቤት (ማክሰኞ፣ ቀን 7፡15)

እኛ ቤት መጠጥ አይገባም። ግን ለእንግዳ ለስላሳና አምቦ ውሃ ከጋሼ ነበር የምንገዛው። ለእኛ የሚሸጡት ለስላሳ ለብቻው በትንሿ ፍሪጅ ነው የሚቀመጠው። ቢራ ገብቶባት አያውቅም። መደብ ላይ ተቀምጠን የምንጠጣበት ብርጭቆም ለብቻው ነው፣ በሌላ ሳፋ ይታጠባል። እንዲህ አድርጉ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት ሲደርስ ቤታችን ድረስ ቀዝቃዛ አምቦ ይልኩልን ነበር። ባዶውን ጠርሙስ ጠዋት እንመልሳለን።

ለቅሶውን እንዴት እንድረስ? አድራሻ ንገሩን።

ሽማግሌው (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡50)

የልጅ ልጄ አንብባልኝ ነው። እኔ የምናገረውን እሷ ትጽፋለች።

ያ ሰው ጓደኛዬ ነበር። እናንተ ጋሼ ትሉታላችሁ፣ እኔ ግን ቀጭን ጎረምሳ ሆኖ የቢራ ሳጥን በትከሻው ሲያወርድ ነው የማውቀው። ካዛንቺስ ስሟም ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራው መኖሪያ፣ «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው የመጣ ነው። ግሮሰሪው ከነዚያ ቤቶች አንዱ ስለነበር ግንቡ ወፍራም ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። የመጋቢት ፀሐይ እንኳ ውስጡን አያሞቀውም። «ወይኑን የሚጠብቅልኝ ግንቡ ነው» ይል ነበር።

በ1983 ግንቦት 27፣ ወታደሮቹ በገቡ በሳምንቱ፣ ሊነጋጋ ሲል የጥይት መጋዘን ፈነዳና ከተማው ተናወጠ። እየሮጥኩ ስደርስ ግማሹ መደርደሪያ መሬት ላይ ነው። ጉደሩ በደረጃው እየፈሰሰ ወደ መንገድ ወርዷል። እሱ ተንበርክኮ ስብርባሪውን በእጁ ይለቅማል። መጥረጊያ ውሰድ ስለው «መጥረጊያ ደቃቁን ያልፈዋል፣ ልጆቹ ባዶ እግራቸውን ነው የሚሄዱት» አለኝ። እስከ እኩለ ቀን አብረን ለቀምን። ጣቱ ላይ የነበረው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው።

ሰፈሩ ሊነሳ ሲል የመጨረሻውን ማታ አብሬው ነበርኩ። መደርደሪያው ባዶ ነው። ጨርቁን ይዞ ባዶውን እንጨት ይወለውላል። ነገ እኮ ይፈርሳል አልኩት። ዝም ብሎ ወለወለው።

ከቤይሩት (ማክሰኞ፣ ማታ 5፡30)

በ1994 ወደዚህ ስመጣ ቤታችን ስልክ አልነበረም። ጎረቤትም የለውም። የግሮሰሪውን ቁጥር ነበር ይዤ የመጣሁት።

በካርድ ነው የምደውለው፣ ደቂቃው ይቆጥራል። ሰው ተልኮ እናቴ እስክትመጣ መጠበቅ አልችልም። ጋሼ ይህን ስለሚያውቁ ቀጠሮ አበጁልን፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ እሑድ 8 ሰዓት። እናቴ ቀድማ መጥታ ትቀመጣለች። እሷ ደግሞ ጸሎተኛ ናት፣ መጠጥ ቤት ገብታ አታውቅም፣ ታፍራለች። ጋሼ ምን አደረጉ? ረጅም ሽቦ ገዝተው ስልኩን በመስኮቱ አወጡላት። በደጅ በኩል የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፈው ያስቀምጧታል። አንድ ጊዜ ማዳሜ ስላልፈቀደችልኝ ሳልደውል ቀረሁ። ጋሼ እስከ 12 ሰዓት እናቴን «መስመር ተበላሽቶ ነው» እያሉ አቆይተው፣ ራሳቸው ቤቷ ድረስ ሸኟት።

እናቴ አሁን የለችም። ድምፅዋን ለዘጠኝ ዓመት የሰማሁት በዚያ መስኮት ነው።

የግሮሰሪው ረዳት (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡00)

ከጋሼ ጋር 16 ዓመት ሠርቻለሁ። ደብተሮቹ እኔ ጋ ናቸው። ሦስት ናቸው፣ የቆየው ከ2001 ጀምሮ ያለው ነው። ሱቁ ሲዘጋ «ያዛቸው» አሉኝ። ሰብስብ አላሉኝም፣ አቃጥልም አላሉኝም።

ችግሩ ጋሼ ስም አለመጻፋቸው ነው። «ደብተሩን ሌላ ሰው ቢያገኘው ሰው ይዋረዳል» ይሉ ነበር። የሚጽፉት የቤቱን ምልክት ነው። ጥቂቱን ልገልብጥላችሁ።

«ደረጃ ሥር፣ 6 ቢራ፣ ጠርሙስ ቀርቷል»
«ቁልቋሉ ጋ፣ 1 አክሱሚት፣ ለክርስትና»
«ሰማያዊ በር፣ 1 ጉደር፣ 2 አምቦ»
«ሁለት ቆርቆሮ፣ 1 ሳጥን ለስላሳ፣ የለቅሶ፣ አይጠየቅም»

እሳቸው እያሉ በሩን እያየሁ አውቀው ነበር። አሁን በሩም ቁልቋሉም የለም። ግማሹን ማን እንደሆነ አላውቅም።

ሌላም ልናገር፣ እሳቸው ቢሰሙ አይወዱትም ነበር። ሰኔ 30 ሒሳብ ስንዘጋ ለባለቤትየዋ የሚላከው ሒሳብ አንድም ዓመት ጎድሎ አያውቅም። ያልተከፈለውን ዱቤ ጋሼ ከደመወዛቸው ይሞሉት ነበር። በየዓመቱ። ባለቤትየዋ ይህን የሰሙት ከእኔ ነው፣ ባለፈው ዓርብ በስልክ ስነግራቸው። ብዙ አለቀሱ። ስለዚህ መክፈል የምትፈልጉ የምትከፍሉት ለጋሼ ሚስት ነው። ገላን ጉራ ነው ያሉት፣ ልጃቸው አዳማ ስለሚሠራ ብቻቸውን ናቸው። እሑድ ከ9 ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነኝ፣ ደብተሮቹን ይዤ። መምጣት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የሕንጻውን ቁጥር እልክላችኋለሁ።

የመናኸሪያ ልጅ (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡12)

ከደመወዛቸው? ኧረ በስመ አብ!

ወንድሜ፣ ጥር 2016ን እይልኝ። እኛ በር ላይ የቦኖ ቧንቧ ነበር።

የግሮሰሪው ረዳት (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡40)

አገኘሁት። «ቦኖው ጋ፣ ሠርግ፣ 385»። ከሥሩ በሌላ እስክሪብቶ «ሙሽራዋ 150 ከፈለች፣ ለወንድሟ እንዳይነገር» ይላል። የቀረብህ 235 ነው።

የመናኸሪያ ልጅ (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡44)

እኅቴ ስለዚህ አንድም ቀን ተንፍሳ አታውቅም። አሁን ልደውልላት ነው።

ባለ ታክሲው (ረቡዕ፣ ጠዋት 5፡02)

እሑድ መኪና አለኝ። ከኡራኤል ፊት ለፊት 7 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ፣ 11 ሰው እጭናለሁ። ሽማግሌውን ቤታቸው ድረስ ሄጄ አመጣቸዋለሁ፣ የልጅ ልጃቸው ትደውልልኝ። የመስጊዱ ጎረቤት፣ አንተንም በመንገዴ እወስድሃለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ረቡዕ፣ ቀን 9፡30)

«ደረጃ ሥር» እኛ ነን። ስድስቱ ቢራ የአባቴ ነው፣ እርግጠኛ ነኝ። ጠርሙሱንም ጨምራችሁ ደምሩልኝ፣ በአክስቴ በኩል እልካለሁ።

ዝምተኛዋ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡20)

ሰማያዊው በር የኛ ነው። ጉደሩ ግን አልገባኝም፣ አባቴ ወይን አይጠጣም ነበር። ቀኑ ምን ይላል?

የግሮሰሪው ረዳት (ረቡዕ፣ ማታ 2፡45)

ነሐሴ 2003። ጎኑ ላይ በቅንፍ «ልጅቷ አለፈች» ይላል።

ዝምተኛዋ (ረቡዕ፣ ማታ 3፡30)

የ12ኛ ክፍል ውጤቴ የመጣ ቀን ነው። እናቴ ሄዳ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች። ወይኑን በአምቦ ቀጥና ለአምስታችን ትንሽ ትንሽ ቀዳችልን። እሷም ቀመሰች። ሌላ ጊዜ ስትጠጣ አይቻት አላውቅም። በዱቤ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

ስንት ይላል?

የግሮሰሪው ረዳት (ረቡዕ፣ ማታ 3፡34)

62 ብር።

ዝምተኛዋ (ረቡዕ፣ ማታ 3፡36)

እሑድ ከእናቴ ጋር እንመጣለን። ባለ ታክሲው፣ ሁለት ቦታ ያዝልን።